ከቀዶ ሕክምናው በፊት የቀዳነው ዘፈን

ስቱዲዮዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ የኪራይ ክፍል ናት። ክፍሏን ስከራይ ወፍጮው ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር ሰፈሩ ጸጥተኛ መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኜ፣ ኪቦርዴንና ላፕቶፔን አስገብቼ፣ ማይኩን አቁሜ ስጨርስ ወፍጮው ተጠገነ። ከዚያ ወዲህ ሰው የምቀዳው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በባትሪ ይሠራል። ጎረቤቱ ሁሉ በመብራቱ ሲማረር እኔ ስልክ አንስቼ ዘፋኝ እጠራለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ይህም አይሆንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ማይኩ ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው እሱን ነው።

ብቻዬን ነው የምሠራው። ዜማ እሠራለሁ፣ አቀናብራለሁ፣ እቀዳለሁ፣ የተበጠሰ ገመድ እበይዳለሁ። በሠርግ ሰሞን ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ድምፅ ማጉያም አከራያለሁ። የራሴን ሙዚቃ የምሠራው ከዚህ ሁሉ በተረፈኝ ጊዜ ነው፤ ብዙም አይተርፈኝም። አንድ የደብረ ኤልያስ ጨርቅ ነጋዴ ለሱቁ ማስታወቂያ ሊያስቀዳ መጥቶ፣ ማስታወቂያው ሲያልቅ «አሁን ደግሞ ለነፍሴ» ብሎ መንዙማ አስቀድቶ ሄዷል። እኔም እንዲሁ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስሠራ ቆይቼ «አሁን ደግሞ ለነፍሴ» ስል ይመሻል። ጓደኞቼ ለምን አዲስ አበባ እንደማልሄድ ይጠይቁኛል። የሚያጠግብ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም። ባለፈው ዓመት ከአምበር አካባቢ ከመጡ አንዲት ሴት ጋር የሠራሁትን ሥራ ካሰብኩ ግን መልሱ እዚያ አጠገብ ያለ ይመስለኛል።

ሴትዮዋ የመጡት በጥቅምት፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር ነው። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አንገታቸውን በወፍራም ሻሽ ጠምጥመዋል። በር ላይ ቆመው ስፖንጁን፣ ገመዱን፣ ማይኩን አንድ በአንድ አዩና ወንበር ስስብላቸው ተቀመጡ።

«ምን ልታዘዝ እናቴ?» አልኳቸው።

«ድምፄን አስቀምጥልኝ» አሉኝ።

ሻሹን ትንሽ ፈታ አደረጉት። እንቅርት ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ቢሆንም በቅርቡ አድጎ ሲተኙ ትንፋሽ ይከለክላቸዋል። ሐኪሙ መውጣት አለበት ብሏቸዋል። ያን ሲላቸው ግን አንድ ነገር አልደበቃቸውም፤ ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ ከእንቅርቱ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ቢጠነቀቁም ድምፃቸው ሊለወጥ ይችላል።

«እትዬ በአገራችን ያልዘፈነችበት ሠርግ የለም» አለች እህታቸው። «እሷ ታወጣለች፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቀበላለሁ።»

«ልጄን በጥር እድራለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ያኔ ድምፅ ከሌለኝ የልጄ ሠርግ በሰው አፍ ይሁን? ብቻ ቅዳልኝ።»

መብራት እስኪጠፋ ጠበቅን። ከእኩለ ቀን በኋላ ወፍጮው ቀጥ አለ። ሴትዮዋን ማይኩ ፊት አቁሜ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸውና እንዲጀምሩ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ሁለት ስንኝ አውጥተው ዝም አሉ።

«ምነው?»

«ማን ይቀበለኛል?»

«እናቴ፣ መጀመሪያ እርስዎን ብቻ እቀዳለሁ። ተቀባዮቹን ኋላ እጨምራቸዋለሁ።»

«እኔ ዛሬ ጠርቼ ሰው ነገ አቤት ሊለኝ?» አሉና ማዳመጫውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ የማይሆን ነገር መሆኑን ማስረዳታቸው ነበር።

እህታቸውን አስገባኋት። የእሷ ድምፅ ብቻውን ሳሳ። ሴትዮዋ ያወጣሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤ ግን መልሱ እንደ ሠርግ ሳይሆን ሁለት ሰው እንደሚያወራ ሆነ። ምን እንደማደርግ ሳስብ በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከትኩ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህላቸውን ይዘው መብራት እስኪመጣ የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ወጥቼ ሁኔታውን ነገርኳቸው።

«የሚያዘፍን ጠላ አለ?» አለች አንዷ።

«ሻይ አፈላለሁ።»

ሳቁብኝና ተነሱ። ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ገቡ። ክፍሏ ሞላች፤ ማይኩን ከመሐል አንስቼ ጣሪያው አጠገብ ሰቀልኩት። ከበሮ ስላልነበረኝ የአከራዬን ቢጫ ጀሪካን አመጣሁ። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ተቀብላኝ ገልብጣ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችውና የሚጮኽበትን ቦታ አገኘች። ሴትዮዋ ሴቶቹን በዓይናቸው ቃኙ፣ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ አወጡ። ሴቶቹ ሲቀበሏቸው እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አጠበቅኩ። ድምፃቸው ከአንዲት እንቅርት ከያዛት ሴት አንገት የሚወጣ አይመስልም ነበር። ቀጭን ነው፣ ግን የትም ይደርሳል፤ ማሳ ላይ ያለ ሰው ሊሰማው ይችላል። መብራት እስኪመጣ ዘፈኑ። ወፍጮው ሲነሳ ሴቶቹ «እህሌ! እህሌ!» እየተባባሉ ተሯሩጠው ወጡ፤ ሻዩን የጠጣው የለም።

ሴትዮዋን ላሰማቸው ስል እምቢ አሉ። «ሲያስፈልገኝ እሰማዋለሁ» አሉና ሄዱ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት በዚያ ቅጂ ላይ ብዙ ለፋሁ። እንደለመድኩት ምት ላስገባበት፣ ኪቦርድ ልጨምርበት ሞከርኩ። የኮምፒውተሩ ምት ግን ከእሳቸው ጋር አልሄድ አለ። እሳቸው ሲግላቸው ይፈጥናሉ፣ ቁም ነገር ሲናገሩ ይዘገያሉ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው አንድ አካሄድ ነው። በመጨረሻ የጨመርኩትን ሁሉ አነሳሁ። የጀሪካኑን ድምፅ ትንሽ ወፈር አድርጌ፣ የአንዲቷን ሴት ሳል ቆርጬ ተውኩት። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ እጄ በጥቂቱ ያረፈበት እሱ ነው።

በኅዳር እህታቸው ደወለች። «ደህና ናት» አለች መጀመሪያ፣ እንዳልደነግጥ። «ትንፋሿ ተመልሷል፣ ተኝታ ታድራለች። ድምፅዋ ግን...» ከዚህ በላይ አልቀጠለችም። ከጀርባዋ አንድ ሰው ሲያንሾካሽክ ይሰማኛል። እሳቸው ነበሩ፤ ለሠርጉ ድምፅ ማጉያ ይዤ እንድመጣ ንገሪው እያሏት ነው።

በጥር ጄኔሬተርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር በመኪና ጭኜ ወደ ቀያቸው ሄድኩ። ሴትዮዋ ዳሱ በር ላይ ተቀበሉኝ። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል፤ በሻሹ ጠርዝ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ይታያል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ነገር አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ካልሆነ አልሰማም ነበር። ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር፤ ያን የጥቅምቱን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼ ለሸመደድኩት ለእኔ፣ መስማቱ ከበደኝ። የጠየቁኝ ግን በልቼ እንደሆነ ነው።

ዘፈኑን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ስንኝ ከስፒከሩ ሲወጣ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ፤ ማን እንደሆነ አውቀውታል። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ተነስተው ጨፈሩ። ሙሽራዋ አለቀሰች። ሴትዮዋ ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን አዳመጡ። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ባላቸው፣ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው፣ ምሰሶ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

ሙሽራው ዘግይቶ ነበር። መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና አባቱ ሳይቀሩ ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ነበር የመጡት። ካልሲያቸው ድረስ አቧራ ለብሰው ደጁ ላይ ሲደርሱ እኔ ድምፁን ከፍ አደረግኩት፤ ጊዜው ይሄ ነው ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ከማዕዘኑ ተነስተው ሰዉን እየገፉ ወደ እኔ መጡ።

«አጥፋልኝ» አሉ በጆሮዬ።

ቁስላቸውን የነካሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። «አስከፋዎት እናቴ?»

«የለም፣ ጥሩ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን በእግራቸው መጡ። እሱ ይህን አያውቅም።» በጣታቸው ስፒከሩን አሳዩኝ።

አጠፋሁት። ዳሱ ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩ የተበላሸ መስሎት እኔን ያየኛል። ሴትዮዋ እህታቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጎትተው አመጧትና አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አደረጉ። እህትየው ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ማለቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀበል እንጂ ስታወጣ የሰማት የለም። ሴትዮዋ ክንዷን እንደያዙ ደገሙላት። እህትየው ዓይኗን ጨፍና አወጣችው፦

«መኪናው ቢቆምም መንገዱ ቢከፋ፣
በእግሩ የመጣ ሰው ልጄን አያጠፋ።»

ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። የሙሽራው አባት ግን ደጁ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አቧራ የለበሰ ጫማቸውን አዩ፣ ሳቁ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ሴትዮዋ ቀጣዩን አንሾካሾኩ፤ እህትየው አወጣች፤ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ ደረቀው ጉሮሯቸው፣ ስለሚጠብቃቸው ጠላ። እንግዶቹ እየሳቁ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ራሳቸው ከተቀባዮቹ መሐል ሆነው ከሥር መቀበል ጀመሩ። ሻካራና ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የማይወጣ፣ ግን አጠገባቸው ለቆመ ሰው የሚሰማ።

እኔ ማጉያዬን አጥፍቼ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ያን ያህል የለፋሁበት ሥራ በአንድ ቃል «አጥፋልኝ» ተባለ። በስልኬ መቅዳት ጀመርኩ፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ። ኋላ ቤቴ ገብቼ ስሰማው ጭብጨባው አለ፣ የእህትየው ድምፅ አለ፤ በጆሮዋ የተነገረው ግን የለም። ዘፈኑን የሠራው ያ ሹክሹክታ ነበር።

ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ቅጂ ማን ደጅ እንደቆመ አያይም። ይህ ጉድለቱ ነው ብዬ ለጥቂት ጊዜ ሥራዬን ሁሉ ናቅኩት። ኋላ ግን በዚያው ሠርግ የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዕቃዬን ስጭን የሴትዮዋ ባል ቀስ ብለው ወደ መኪናው መጡ።

«ያንን ዘፈን በሚሞሪ አድርገህ ስጠኝ» አሉኝ።

«ለእሳቸው ነው?»

«እሷ አትፈልገውም። እኔ ነኝ የምፈልገው።» ከዚያ ወዲያ ወዲህ አይተው ጨመሩ፦ «ለሰው ሁሉ ስትዘፍን ኖራለች። እኔ ሁልጊዜ ከከብትና ከእንግዳ ጋር ነበርኩ፤ ጥሞና ኖሮኝ ሰምቻት አላውቅም።»

ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። አሁን ማሳ ሲሄዱ ኪሳቸው ውስጥ እንደሚከፍቱት እህትየው ነግራኛለች። ሴትዮዋ አንድ ቀን ምሳ ይዘውላቸው ሲሄዱ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምተው፣ እስኪያልቅ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ገብተው ምሳውን አቀረቡ።

እህትየው ዛሬ እስከ ይጁቤ ድረስ ለሠርግ ትጠራለች። ሴትዮዋ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ጆሮዋ ላይ የሚነግሯት እየቀነሰ መጥቷል፣ ምክንያቱም እሷም በራሷ መፍጠር ጀምራለች። አንዳንዴ የተነገራትን ትታ የራሷን ስታወጣ ሴትዮዋ ይቆጣሉ፤ ግጥሙ ጥሩ ከሆነ ግን ቁጣቸውን ረስተው ከሁሉ ቀድመው ይቀበላሉ።

እኔም ሥራዬን ቀጥያለሁ። ወጣት ዘፋኞች ግጥም ሲቸግራቸው ወደ እሳቸው እልካቸዋለሁ፤ ከገበያ ሲመለሱ እሳቸውም ጎራ ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ የኮሌጅ ተማሪ የፍቅር ዘፈን ሊቀዳ መጥቶ ከእሳቸው ጋር ሲከራከር ዋለ። እሱ «ያለ አንቺ አልኖርም» ማለት ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፣ «ስሟ ማን ነው? የት ነው ያየሃት? ምን ለብሳ ነበር? እሱን ንገራት» ይሉታል። ልጁ አፈረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። ማይኩን ከፈትኩ።