የመምህራን ሽንት ቤት ቁልፍ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከምንም በላይ የምፈራው የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ነበር። ሌላ ሰው አይሸተውም። እኔን ከሸተተኝ ግን ብዙም ሳይቆይ ያ ነገር ይመጣል፤ እወድቃለሁ፣ እንፈራገጣለሁ፣ አፌ አረፋ ይደፍቃል፤ ስነቃ ምላሴን ነክሼ፣ ሰውነቴ እንደተደበደበ ሰው ዝሎ አገኘዋለሁ። "ያ ነገር" የምትለው እናቴ ናት። የሚጥል በሽታ የሚለውን ስም ቂርቆስ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ከጎረቤት የሚለየን ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ጎረቤታችን ስታስነጥስ እኛ "ይማርሽ" እንላለን። እንዲህ ባለ ቤት ምስጢር መጠበቅ ትልቅ ሙያ ነው። እናቴም ባለሙያ ነበረች።

ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እዚያው ሰፈራችን የሚጥላት ሌላ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች፤ በማግስቱ ወላጆች "አረፋው ከነካ ይጋባል" ብለው የዳይሬክተሩን ደጅ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ዩኒፎርም ለብሳ አላየኋትም። በራቸው ላይ ተቀምጣ ትምህርት ቤት ስንሄድ ታየናለች። እኔ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ የተቀመጠችበት ዱካ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ እናቴ ዘዴ ፈጠረች።

"ሽታው ከመጣ እጅሽን አውጪና ሽንት ቤት በይ። ግቢና ቀርቅሪው። በቃ፣ ማንም አያይሽም።"

"እዚያ ብወድቅስ?"

"መሬት ቁጭ ብለሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ጠብቂው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ።"

ጸበል ታስጠምቀኝ ነበር። ሐኪም ቤት ግን ወሬ ይወጣል ብላ ፈራች። ባምቢስ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በጽዳት ስለምትሠራ፣ የትም ብንሄድ የሚያውቃት ሰው አይጠፋም።

ዘዴው ለጊዜው ሠራ። ሽታው መጥቶ ሳይጥለኝ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር፤ ሁለቴ ግን የተማሪዎች ሽንት ቤት ሲሚንቶ ላይ ነቅቻለሁ። ክፍል ውስጥ የማዳምጠው መምህሩን ሳይሆን አፍንጫዬን ሆነ። ትምህርት ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ የሚኒባስ ጭስ በመስኮት ይገባል፤ በገባ ቁጥር እጄን አወጣለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ምንም ሳይመጣ እመለሳለሁ። ልጆቹ "ቧንቧ" የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ወደድኩት፤ ከእውነቱ ይሻላል።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን የጋይዳንስ መምህርት ተመደቡለት። ጋይዳንስ ማለት ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ዱላ የማይዝ አስተማሪ ነው ተባለ። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረው ክፍል ተሰጣቸው። የተነፈሱት ኳሶች ጥግ ላይ እንደተቆለሉ ጠረጴዛና ወንበር አስገብተው "ችግር ያለው ተማሪ ይግባ" ብለው በሩ ላይ ለጠፉ። ማን ይገባል? ግቢው ሁሉ እያየው በዚያ በር የሚያልፍ ሞኝ አልነበረም። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚተኛ፣ ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚወጣ የክፍል አለቆችን እየዞሩ ጠየቁና እኔን አስጠሩኝ።

"ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው? ሆድሽን ያምሻል?"

"ምንም አልሆንኩም ቲቸር።"

"እንግዲያው ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ።"

በእኛ ዘንድ "ወላጅ አምጪ" ከተባለ መባረር ቀርቧል ማለት ነው። ለእናቴ ስነግራት የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች። "ኩላሊት ነው እንላለን" አለች።

አለችም። የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከኳሶቹ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ "ኩላሊቷ ነው የኔ እመቤት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሽንት አይቋጠርላትም" አለቻቸው። አንገቴን ደፋሁ። ያን ያህል አድጌ ሽንት የማይቋጠርልኝ መባሌ አሳፈረኝ፤ ያም ሆኖ እፍረቱ ከፍርሃቱ ቀለለኝ።

መምህርቷ አዘኑ። አዝነውም አልቀሩ፣ ሥራ ጀመሩ። መምህራኑን አነጋግረው ሳላስፈቅድ እንድወጣ አደረጉ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ተሰጠኝ። የተማሪዎቹ ሽንት ቤት ወረፋ ስላለው፣ የመምህራኑን ሽንት ቤት ቁልፍ አስቀርጸው፣ በክር አድርገው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። እናቴ ቁልፉን ስታይ "እግዜር ይስጣቸው" ብላ አለቀሰች። ሁሉም ነገር የተደረገልኝ በቅንነት ነው። ግን የተደረገው ለሌላ በሽታ ነው።

ቁልፉ ደረቴን በነካኝ ቁጥር እፈራ ነበር። ያ ሽንት ቤት ከግቢው ጀርባ ነው፤ በሩ ወፍራም ብረት ስለሆነ ውስጥ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ተሸርፎ ስለት አውጥቷል። በገባሁ ቁጥር ጭንቅላቴ የት ላይ ሊያርፍ እንደሚችል አያለሁ። ለመምህርቷ ልነግር ብዬ እስከ ክፍላቸው ሄጄ፣ በራቸው ላይ ተቀምጣ የምታየን ያቺ ልጅ ትዝ ብላኝ ተመልሻለሁ።

የፈሩት ይደርሳል። ሂሳብ ስንማር ሽታው መጣ። ይሄኛው የሚኒባስ ጭስ እንዳልሆነ ወዲያው አወቅኩ። ሮጥኩ። ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ እንደተውኩት አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። የሂሳብ መምህሩ ስቆይባቸው ወደ ጋይዳንስ መምህርቷ ልጅ ላኩ። መምህርቷ የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው መጡ፤ የእኔው ቁልፍ ከውስጥ ስለተሰካ የሳቸው አልገባ አለ። በሩን እየደበደቡ ስሜን ሲጠሩ ከወዲያ የሚሰማው እግሬ ብረቱን ሲመታ ብቻ ነበር አሉ።

ዘበኛው በዶማ ፈንቅለው ከፈቱት። ግንባሬ ተፈንክቶ ደም በደም ሆኛለሁ። እንዲህ የወደቀ ሰው ሲገኝ አፍንጫው ሥር ክብሪት ይጫራል፤ ሽታው ያነቃዋል ይባላል። ዘበኛው ደግ ሰው ናቸውና ጫሩ፤ በጣም አስጠግተውት ላይኛውን ከንፈሬን አቃጠሉት። ስነቃ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እንደገና ሊጥለኝ ነው ብዬ ጮህኩ። ቀና ስል ግማሹ ትምህርት ቤት በሩ ላይ ቆሟል። አለቀልኝ አልኩ።

እናቴ ከነሥራ ጋወኗ ሮጣ መጣች። መምህርቷ ደሜ እጃቸው ላይ እንደደረቀ ተቀምጠዋል።

"ለምን አልነገሩኝም?" አሉ። "እኔ እኮ ነኝ ቁልፉን የሰጠኋት። ልገድላት ነበር እኮ።"

"ብነግርዎ ትማር ነበር?" አለች እናቴ።

"እኔ በበኩሌ አዎ" አሉ መምህርቷ። "ትምህርት ቤቱን ግን... ማለቴ፣ አላውቅም።"

ቢዋሹ ይሻለኝ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው በሽታውን የገለጠች ተማሪ ምን እንደሚገጥማት አልነገረንም። በማግስቱ ዳይሬክተሩ "ለጊዜው ቤት ትቆይ" አሉ። እኔም በራችን ላይ ተቀምጬ ዩኒፎርም የለበሱትን ሳይ ሰነበትኩ።

መምህርቷ አልተዉኝም። ከእናቴ ጋር ሆነው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ኪኒን ታዘዘልኝ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ቆመው "በእነዚህ እጆቼ ይዣታለሁ፤ አረፋውም ነክቶኛል። ይኸው ጤነኛ ነኝ" አሉ። ዳይሬክተሩ በመጨረሻ ትመለስ አሉ፤ ግን ከነማስጠንቀቂያው ነው። ክፍል ውስጥ ወድቄ ትምህርት ከተቋረጠ፣ ዳግመኛ እንዳልመጣ። ኪኒኑ ደግሞ ይቀንሰዋል እንጂ ያጠፋዋል ያለን ሐኪም አልነበረም።

የተመለስኩ ቀን መምህርቷ ክፍላችን ገቡ። ስወድቅ ክብሪት እንዳይጫር፣ አፌ ውስጥ ምንም እንዳይከተት፣ በጎኔ አስተኝተው ራሴ ሥር ሹራብ አድርገው እንዲጠብቁ አስረዱ። ከዚያ፣ ከተፈነቀለው በር ወጥቶ ወደ አንገቴ የተመለሰውን ቁልፍ አወለቁ።

"ከእንግዲህ አትወጪም" አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አብረውኝ የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆች ወደ ጫፍ ተጠጉ፤ ወንበሩ ሰፋኝ። አልፈረድኩባቸውም፣ እኔም ከራሴ ብሸሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ሰው ሲስቅ አልስቅም፤ ሳቅ ይቀሰቅሰው ይሆናል ብዬ ነው።

ከዚያ፣ እንደገና ሂሳብ ስንማር፣ ላስቲኩ ሸተተኝ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ፣ በሩ ደርሼ ነበር። የት ልሄድ? የማስጠንቀቂያው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮሃል። ዞሬ "ቲቸር፣ ሊጥለኝ ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ የተናገርኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ፤ ራሴ ሥር የሰው ሹራብ አለ። መጀመሪያ የሰማሁት የጠመኔ ድምፅ ነው። የሂሳብ መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጽፋሉ፤ ጽሕፈታቸው ጠሟል። ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ ልጆች አሉ፣ አንዷ ታለቅሳለች፤ ደብተራቸውን ግን ይዘዋል፣ እያዩኝ ይገለብጣሉ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

መምህሩ ዞረው አዩኝ፤ ዳይሬክተሩንም አዩ።

"ነቃሽ?" አሉኝ። "ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደርሰናል። ደብተርሽን አውጪ።"