መርማሪዋና አልነሳ ያለው ኮምፒውተር

ሰፈሩ «መርማሪዋ» ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጋር በተጣበቀች አንዲት ክፍል ኮምፒውተሯንና ማተሚያዋን አስቀምጣ፣ የተበደለ ሁሉ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ስትጽፍ የኖረች ሴት ሰው ታምናለች ብላችሁ ነው? የዘይት ጠርሙሷ ላይ በእስክሪፕቶ ልክ ታሰምራለች። ስትወጣ መሳቢያዋ ላይ ክር ታስራለች። የገዛችውን ወረቀት ፈትታ ትቆጥራለች፤ አንድ ቀን አንድ ወረቀት ትርፍ ብታገኝ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ባለሱቁን ይባስ ጠረጠረችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ለሌላው ተረት ነው፣ ለሷ የቤት ሕግ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ በርግጥ ተመንጥራለች። ገና በጽሕፈት መኪና በምትሠራበት ዘመን አንድ ጠጋኝ ወረቀት የሚዞርበትን አዲሱን ጎማ አውልቆ፣ ያለቀለትን ገጥሞላት ሄደ። ፊደሎቿ ለምን እንደሚንጋደዱ የገባት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠጋኝ የተባለ ፍጥረት በሙሉ ጥርሷ ውስጥ ገባ።

እግዜር ሲቀልድ ታዲያ ብቸኛዋ እህቷ ያገባችው ጠጋኝ ነው፤ ያውም የኮምፒውተር። እናታቸው ስትሞት ታናሿን ያሳደገቻት መርማሪዋ ናት። እሷ ራሷ ባልም ልጅም የላትም፤ በዚህች ምድር ላይ «የኔ» የምትለው ሰው ይህችው እህቷ ብቻ ናት። ከተጋቡ ወዲህ ባለው አስራ አንድ ዓመት ውስጥ አማቿን ሁለት ጊዜ ሌባ ብላዋለች። አንዴ በመቀስ፣ መቀሱ ከወንበሯ ትራስ ሥር ተገኘ። አንዴ በፍላሽ፣ ፍላሹ ከገዛ ቦርሳዋ ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ እህቷ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለቻት።

«እትዬ፣ ስሚኝ። ሦስተኛ ጊዜ ባሌን ሌባ ካልሽው፣ እህት አለችኝ እንዳትይ።»

ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ተቀመጠች።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ አረጀ። ፍርድ ቤቱ ያወጣውን አዲስ ቅጽ ለመክፈት ሲያቃስት፣ ባለጉዳይ ተሰላችቶ ወደ ጎረቤት ጸሐፊ ይሄዳል። ሚሞሪ የሚሉት፣ ማሽኑን የሚያፈጥን ትንሽ ሰሌዳ ይጨመርለት ተባለ። መርማሪዋ አማቿን ላለመጥራት ስትል ሩቅ ሱቅ ድረስ ሄዳ ራሷ ገዛች። አልገባ አለ። ብትገፋው አልገባም፣ ብትገለብጠው አልገባም። በመጨረሻ ምርጫ ስታጣ አማቿን ጠራችው።

«እትዬ፣ ይሄ እዚህ አይገጥምም» አላት ከጠረጴዛው አጠገብ ተንበርክኮ።

«ለምን አይገጥምም? እኩል ነው እኮ! በማስመሪያ ለክቼዋለሁ!»

«ቁመቱ እኩል ነው። ግን ይዩት፣ ጥርሱ መሀል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ሌላ ነው። ይሄ ለአዲሶቹ ማሽኖች ነው፤ የእርስዎ የድሮውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ብረትም ዘር ይቆጥራል በለኛ!»

«ይቆጥራል እንጂ! ከሰው ይብሳል» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «የኔን አጣጥሎ የራሱን ሊያሸክመኝ ነው» አለች በሆዷ። እሱ ግን የገዛችውን ይዞ ሄዶ፣ እዚያው ሱቅ በሚገጥመው አስለውጦ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ገመዱን ሊነቅል ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

አሁን የሠራችውን ስሙ። መሳቢያዋን ቀስ ብላ ከፍታ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። ምልክት ልታደርግበት ነው፤ ቢለውጠው ትይዘዋለቻ! የት ትቀባው? አረንጓዴው ገጹ ላይ ከሆነ አይቶ ይጠርገዋል። ከታች ግን ወርቅ የሚመስሉ ትንንሽ ጥርሶች ተደርድረዋል። «ሌባ የሚፈልገው ወርቁን አይደል?» አለችና እዚያው ላይ ሁለት ጠብታ አሳረፈች። እፍ እፍ ብላ አድርቃ ቦታው መለሰችው።

አማቿ ከሥር ወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ሥራው ነውና በዳሰሳ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመው። ኮምፒውተሩን አበራ። ስክሪኑ ጨለማ። ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«ሚሞሪውን አላነበበውም» አለ። ጫን ጫን አደረገው፤ አሁንም ጩኸት። «ምናልባት ይሄኛው ራሱ የተበላሸ ይሆናል። ሌላ አምጥቼ ልሞክረው።» ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ቦርሳውን! ለምን ይዞት ይወጣል? የስልኳን መብራት አብርታ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። አየች። ደግማ አየች። ቀይ የሚባል ነገር የለም።

«እጅ ከፍንጅ!» አለች ብቻዋን ጮክ ብላ። ግማሹ ንዴት ነው፤ ግማሹ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ደስታ ነው። የእህቷ ቃል ትዝ አላትና ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች። ዛሬ እኮ እንደ መቀሱ አይደለም። ዛሬ ማስረጃ አላት።

«አንቺ ልጅ፣ በስሜት አይደለም የምናገረው። ምልክት አድርጌበት ነበር፣ ምልክቱ የለም። ባልሽ ዕቃዬን ለውጦታል።»

ጩኸት ጠብቃ ነበር። እህቷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«በደንብ ፈልገሻል?»

«በመብራት!»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

«እሺ» ምን ማለት ነው? ተቆጥታ ነው? አልቅሳ ነው? መርማሪዋ ያቺን አንድ ቃል እያገላበጠች ሳለ አማቿ ሌላ ሚሞሪ በእጁ ይዞ እያላበው ተመለሰ። የገጠመውን ነቀለ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ደም ነው?»

ክው አለች። ቀዩ ነጥብ እንዳለ ነው። ጥርሱ ሲገጠም ማስገቢያው ውስጥ ይሰምጣል፤ ምልክቱም አብሮ ሰምጦ ነበር እንጂ የትም አልሄደም።

«የጥፍር ቀለም ነው» አለች። «ምልክት... እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ትንሽ አያት። ከዚያ ግድግዳ እስኪደገፍ ሳቀ። «ሞት ይርሳኝ! ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በዚህ ጥርስ አይደል እንዴ! አፉን ለጉመው ተናገር ይሉታል?» የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን ተቀብሎ በጨርቅ ጠራረገው፣ አደረቀው፣ ገጠመው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ።

«ይሄ በእኔና በእርስዎ ይቅር» አለ፣ እንባውን እየጠረገ። «እህትዎ ከሰማች ጉድ ይፈላል።»

«ለምን ይደብቅልኛል? ምን ፈልጎ ነው?» አለች መጀመሪያ። አመል ነዋ! ቀጥሎ ነው ስልኩ ትዝ ያላት። ወይ ጉዴ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይሄ ነው። እየተንደፋደፈች ደወለች። የእህቷ ስልክ ጥሪ ከበሩ ውጭ ተሰማ።

እህቷ ገባች። ከሥራዋ እንደወጣች ነው፣ ሽርጡን እንኳን አልፈታችም። ታላቅ እህቷን አላየቻትም። ባሏ ፊት ቆመች።

«ቦርሳህን ክፈት።»

«ምን?» አለ፣ ሳቁ ገና ፊቱ ላይ እንዳለ።

«ክፈት አልኩህ።»

«ኧረ አይደለም!» መርማሪዋ ክንዷን ያዘቻት። «ተገኝቷል! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

«ተይኝ እትዬ። አሁን ደግሞ ለኔ ብለሽ ልትሸፍኚለት ነው? አስራ አንድ ዓመት አልሰማ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

አማቿ አልተከራከረም። ቦርሳውን አውርዶ ተንበረከከ። መፍቻውን አወጣ፣ ብሩሹን፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ጠዋት ሚስቱ የቋጠረችለትን ምሳ። ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ባዶውን ቦርሳ ገልብጦ አራገፈው። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ኪሴንስ?»

እህቷ «አይ፣ በቃ» እንድትል መርማሪዋ በሆዷ ለመነች። እህቷ ዓይኗን ከኪሱ አልነቀለችም።