«ለመልክ ነው» ብዬ የተረጎምኩት ዓይን

የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። የሠራተኞቹን የሕክምና ፎርም ተቀብዬ ለኢንሹራንሱ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ የወደቡ ከተማ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ስለሆነ የሐኪሞቹ ፈረንሳይኛ አያስቸግረኝም፤ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮቻችን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም አብሬያቸው ሄጄ አስተረጉማለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እንዲሁ ለምዶብኝ ነው።

ኢንሹራንሱ ለመልክ ተብሎ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። እኔም ልክ ነው ባይ ነበርኩ። አንዲት ባልደረባዬ ጥርሷን ለማስነጣት ፎርም ያስገባች ጊዜ ወረቀቱን ስመልስላት «ላንቺ ፈገግታ ሁላችን እናዋጣ እንዴ?» ብያት ቢሮው በሙሉ ስቋል። ማን ለመልኩ፣ ማን ለጤናው እንደሚታከም መለየት ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ከሾፌሮቹ መካከል ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው ነበሩ። ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሥራቸው ከወደቡ ኮንቴይነር ጭነው ከከተማው ዳር ካለችው ከባልባላ ማዶ ወዳለው ግቢያችን ማድረስ ነው። አንድ ዓመት የቀኝ ዓይናቸው ቆብ መውረድ ጀመረ። ቀስ በቀስ ግራውም ተከተለ። ሰው ሲያነጋግሩ አገጫቸውን ቀና አድርገው በቆቡ ሥር ያዩ ጀመር፤ አዲስ ሠራተኞች ኩራተኛ ናቸው ብለው አሟቸው።

አንድ ጠዋት «ልጄ፣ እስቲ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሐኪሙም ቸኩሏል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንዲያነቡ አዘዛቸው። አገጫቸውን አንሥተው እስከ ታች አነበቡለት። ቆቡ በቀላል ቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ ነገረንና ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«እይታቸውን ይከልላቸዋል ወይስ መልካቸው ነው ያሳሰባቸው?»

ተረጎምኩላቸው።

«ለመልኬ ነው በይው። ልጄ ድሬዳዋ ልትዳር ነው፤ ፎቶው ላይ እንቅልፋም መስዬ መታየት አልፈልግም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በቀኝ በኩል ምንም አላይም። ይህን ካልሽው ግን መኪናዋን ይወስዱብኛል» አሉኝ።

ሐኪሙ እየጠበቀኝ ነው። «ኤስቴቲክ» አልኩት። ለመልክ ነው ማለቴ ነው። ጻፈው፤ ማህተሙን መታበት።

ወረቀቱ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አይሸፈንም። ስነግራቸው «ሌላ ነገር ብለሽ ማስገባት አይቻልም?» አሉ።

«እውነቱን ካስገባን ይሸፍኑታል ጋሼ። ግን መንዳቱ…»

«በቃ ተዪው» አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቆቡን ወደ ቅንድባቸው ስበው በቀጭን ፕላስተር ይለጥፉት ጀመር። ሙቀቱ ሲበረታ ላብ ያላቅቀዋል። አንድ ቀን የመኪናዋ ቀኝ ስፖኪዮ ተገንጥሎ መጣ። በሌላ ሳምንት የግቢው በር ምሰሶ ተገጭቶ ተገኘ፤ ማን እንደገጨው አልታወቀም ተባለ። እኔ ምሰሶውን ሄጄ አየሁት። የተፋቀው በስተቀኝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ባልባላ ያለች የታመመች አክስቴን ልጠይቅ ስል ሚኒባስ አጥቼ ጋሼ ጋቢናቸው ውስጥ አስገቡኝ። «ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ» አሉኝ እየሳቁ። መሳቅ አቃተኝ። ጥቂት እንደሄድን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከእኔ በኩል መንገዱ ውስጥ ገባች። ጋሼ ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። ሴትየዋ በግልጽ ትታየኛለች፤ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ቀለም ሳይቀር።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን ረገጡት፤ ከኋላ ተሳቢው አጓራ። ሴትየዋ በእጇ መኪናውን መትታ ተሳድባ አለፈች።

«አይቻታለሁ» አሉ።

«አላዩዋትም።»

ፕላስተሩ ተላቆ ጉንጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። መልሰው ለጠፉት። ነገ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰን እውነቱን እንንገረው ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺን ማን ሾመሽ?» አሉኝ፤ ከዚያ በፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። «ሰርጉ ይለፍ። ከሰርጉ በኋላ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ማለቱ እፎይ አሰኝቶኛል። ከዚያ ወዲያ ግን የቢሮው ስልክ ባልታሰበ ሰዓት በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ አነሣው ነበር። እያንዳንዱን ምልልሳቸውን በመስኮት ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ሐምሌ ላይ፣ ሰርጉ ሳይደርስ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አቧራውን ይዞ ተነሣ። ስልኩ የጮኸው ረፋድ ላይ ነው። ጋሼ ግቢው ውስጥ መኪናዋን ወደ ኋላ ሲመልሱ ኮንቴይነሮቹን የሚመዘግበውን ሠራተኛችንን በተሳቢውና በአንድ ኮንቴይነር መካከል አጣብቀውታል። በቀኝ በኩል ቆሞ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የእሱን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀዶ ሕክምናው፣ አልጋው፣ ኋላም ሰው ሠራሽ እግሩ፣ ሁሉም ያለ አንዲት ጥያቄ ተሸፈነ።

የፖሊስ መርማሪው ቢሮአችን መጥቶ ስለ ጋሼ ዓይን ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ የሐኪሙን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለት። «ይኸው፣ የመልክ ጉዳይ ነው ይላል። አደጋውን ያመጣው አቧራው ነው።» ያቺ ቃል ለድርጅቱም ለጋሼም መሸሸጊያ ሆናለች። መርማሪው ጥቂት አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

«ያስተረጎምሽው አንቺ ነሽ። አይታየኝም ብለው ነግረውሽ ያውቃሉ?»

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አገጫቸውን ቀና አድርገው በቆቡ ሥር አዩኝ።

«አዎ፣ ነግረውኛል» አልኩ። «ያልተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

መንጃ ፈቃዳቸው ተወሰደ። ሌላ ሐኪም በደንብ መረመራቸውና ኢንሹራንሱ የዓይናቸውን ሕክምና ሸፈነ። ልጃቸውን ሊድሩ ድሬዳዋ ሄደው በዚያው ቀሩ። ደውዬላቸው አያነሡም።

ተጎጂው ከወራት በኋላ ወደ ሥራ ሲመለስ ግቢው ውስጥ መቆም ስላልቻለ ከእኔ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ተሰጠው። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ወረቀት ብቻ ነበር የምንነጋገረው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር ከመዝገቡ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሠራሽ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ከጠረጴዛው ሥር አስተካከለና ጽሑፉን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህም በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይጽፋል።