ከሳጥኑ ላይ ያልተነሳሁበት ቀን

ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤታችን ነጭ ሸሚዝ ስታለቀልቅ፣ ውሃው ቀላ ብሎ ወደ ቱቦው ሲወርድ አየሁ። ልጇን ነስሮት ነው። እኔ ግን ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እማር በነበረበት ጊዜ፣ በክረምት፣ ወንድሜ አቤል ከሀይሌ ጋርመንት ለቡ ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ያደረሰው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። «ደምቶ አግኝቼው ነው» ቢልም ገጭቶት ነው ተብሎ ታሰረ። እናቴም ያንኑ አመነች። አንድ ፖሊስ ከሆስፒታል የተሰጠኝ የአቤል ልብስ ለምርመራ እንደሚፈለግ፣ ጠዋት መጥቶ እንደሚወስደው፣ እስከዚያ እንዳይታጠብ ነገረኝ።

ልብሱንና ጫማውን በወረቀት ጠቅልዬ የእናቴ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም።

ቤቱ በጠያቂ ሞላ። እርጥብ ጋቢና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አክስቴ እትዬ ጽጌ ሳፋ ይዘው መጡ።

«ደም ቤት ውስጥ አያድርም። አምጪው ልዘፍዝፈው።»

«ፖሊሱ እኮ…» አልኩ።

«ፖሊስ ምን ይሠራለታል? የገጨው እንደሆን ተይዟል።»

የንስሐ አባታችን ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ። እኔ ከተቀመጥኩበት አንገቴን አስግጌ መስቀል ተሳለምኩ።

«እግሯን አሟታል?» አሉ አባ።

«ትምህርት ነው ያመማት፣ አባ» አለች እናቴ። ሴቶቹ ሳቁ። እግሬ ደንዝዟል፤ ሽንቴ ወጥሮኛል፤ እትዬ ጽጌ ከነሳፋቸው በሩ ጋ ተቀምጠዋል።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ወንድምሽን የገጨውን ልታስጥይ ነው?» አለችኝ።

ገጭቶትም ይሆናል። የማውቀው ልብሱ ከታጠበ ማናችንም እውነቱን እንደማናገኘው ብቻ ነበር። እዚያው ላይ አደርኩ፤ ጠዋት ፖሊሱ ሲመጣ አስረከብኩት።

ከሳምንታት በኋላ የፖሊስ መርማሪዋ እናቴንና እኔን አስቀምጣ አስረዳችን። «የመኪና ቀለምም ግራሶም የለበትም። ደሙ ከአንገትጌው ቁልቁል እስከ ቀበቶው ወርዷል፤ ጫማው አናት ላይም ጠብ ጠብ ብሏል። ልጅዎ የደማው ቆሞ ነው። እየደማ ብዙ መንገድ ሄዷል።»

ሾፌሩ ተፈታ። ታክሲ ውስጥ እናቴ፣ «ስንት ሰው አይቶት አልፏል?» አለች።

አቤል ድኗል። ከዚያ ምሽት ግን ምንም አያስታውስም፤ ማን እንደፈነከተውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሥራ ስመለስ በዚያው መንገድ ነው የማልፈው። ባለሱቆቹ፣ በቆሎ ጠባሾቹ፣ ወያላዎቹ እንደ ወትሮው መንገዱን ሞልተውታል። ልቀየማቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። የደማ ሰው ያነሳ እንደሚታሰር ያውቃሉ። ይህንን በሾፌሩ ያሳየናቸው ደግሞ እኛው ነን።