ወንድሜ የገዛው ማዘርቦርድ

ሽማግሌዎቹ ፊት «ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር በአፌ አላነሳም» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌንም ጠብቄያለሁ። ለጎረቤት አልነገርኩም፤ በጸሎት ኅብረታችን እንኳ የጸሎት ርእስ አድርጌ አላቀረብኩትም። መጻፍን በተመለከተ ግን ማንም ቃል አላስገባኝም።

ነገሩ የኮምፒውተር ነገር ነው። ልጄ እዚሁ ዲላ ተምራ በሥነ ሕንፃ ተመረቀች፤ ከዚያም እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ቤት ተቀመጠች። ለሰው ቤት ፕላን ትሠራለች፤ ሰውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። አባቷ የት ነበር ለሚል ሰው መልስ የለኝም፤ እሱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገባም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያሳደግኳትም ያስተማርኳትም ከገበያው በላይ ባለችው የስፌት ቤቴ ነው።

ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ ጌም መሥራት ተማረች። ጌሙን በሙሉ አይደለም፤ ተጫዋቹ የሚሄድበትን አገር ነው የምትሠራው። ቤቱን፣ መንገዱን፣ ደኑን። አንድ ቀን ላፕቶፗ ላይ የሠራችውን አሳየችኝ። ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ዳገቱ ላይ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ ዛፍ፣ በቅጠሎቹ መካከል የሚወርድ ብርሃን። ዱመርሶ ያለው የአባቴ ማሳ ነበር። ማሳው ዛሬ በማን ስም እንደሆነ እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ።

ይህን ሥራዋን ያየ አንድ የውጭ ድርጅት ጻፈላት። ቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ነው። ቅድሚያ ግን ፈተና አለ፤ አንድ ትልቅ ደን ሠርታ፣ በራሷ ማሽን ላይ ከፍታ፣ ውስጡ ስትሄድ ምስሉ ሳይቆራረጥ ቀርጻ መላክ አለባት። ላፕቶፗ እንኳን ደኑን አንዱን ዛፍም በመከራ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ሀብታም ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ትልቁ ኮምፒውተር ያስፈልጋት ነበር። ያ ደግሞ ተገጣጥሞ አይሸጥም፤ ቢሸጥም አይቀመስም። ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ ተገዝቶ በእጅ ይገጣጠማል።

ለኔ ሥራው ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ፍስሐ ገነት በምትባለው ከተማ የቡና ማድረቂያና ቢሮ አለው። ከተመረቀችበት ቀን ጀምሮ «ትምጣና ሂሳብ ትያዝልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ» ይላል። እኔንም ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ለጥቂት ጊዜ ብሎ ነው። ልጄ በእሱ እጅ እንዳትወድቅ የነበረኝ አንድ መንገድ ይህ ኮምፒውተር ነበር።

ልጄ ዕቃዎቹን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት፣ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ እየሣለች አስተማረችኝ። ፕሮሰሰር የሚባለው ጭንቅላቱ ነው፤ ማዘርቦርድ በሚባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ባለው ሶኬት ይቀመጣል፣ ሶኬቱ ደግሞ ለዚያው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት። ራም የሚባለው ረጅም ቀጭን ዕቃ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ጎድጓዳው ከመሰኪያው ጋር ካልገጠመ አይሰካም። ምስሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ እንዳይረዝምበት ሁሉን የሚይዘው ሣጥን፣ ኬዙ፣ መለካት አለበት፤ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሳፕላይም ለሁሉም የሚበቃ መሆን አለበት። አልከበደኝም። የአንዱ የስፌት መኪና መርፌ ለሌላው እንደማይሆን ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ነገር ነው።

በኛ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ነገር ሲመጣ ይከፋፈላል። የሠርግ ድንኳንም ይሁን ቆርቆሮ ወይም ሕክምና፣ ታላቁ ቤት ተሰብስበን እያንዳንዱ ድርሻውን ይወስዳል። ታላቁ ቤት የወንድሜ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ከአቅሜ በላይ ባይሆን ኖሮ ደጁንም አልረግጥም ነበር።

«ከሁሉ ዋናው የቱ ነው?» አለ ወንድሜ፣ እንደተቀመጥን።

«ሁሉም ዋና ነው አጎቴ» አለች ልጄ። «እርስ በርሱ ካልተስማማ አይሠራም።»

«ይሁን። ሁሉም የሚሰካው በምን ላይ ነው?»

«ማዘርቦርዱ ላይ።»

«እንግዲያው እሱ የኔ ነው።»

ታናሽ እህታችንና ባሏ ካርዱን ያዙ። እኔ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ያዝኩ፤ የእቁብ ዕጣዬ ደርሶ ነበር። የቀረውን ልጄ ልጆች እያስጠናች ካጠራቀመችው እገዛለሁ አለች። ወንድሜ ጸለየልን፤ ወጣን።

ልጄ የማዘርቦርዱን ስምና ፎቶ በቴሌግራም ላከችለት። አልከፈተውም። ደወለችለት።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«እኔን ዕቃ መግዛት ልታስተምሪኝ ነው? አለኝ።»

«ድገሚና ደውይ።»

«እማዬ፣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ስንት ጊዜ ይጠየቃል?»

ልክ ነበረች። በኛ ዘንድ ሰጪ ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ እስኪያስቀምጥ ምን እንደያዘ አይጠየቅም፤ መጠየቅ አላምንህም ማለት ነው። እኔ ራሴ አልደወልኩም። እኔ ብጠይቀው ኖሮ እልህ ይዞት የባሰ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር።

የሚገጣጠምበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ሳሎኑን አጽድቼ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩ። ካርዱን ከአዲስ አበባ ያመጣልን ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ነው፤ በጭነት መኪናው ጋቢና በጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ።

«ማዘር፣ ይሄን ካየሁ በኋላ የኔ አይሱዙ አሳፈረኝ» አለ፣ ካርቶኑን እያስረከበን። «እሱ ሦስት ማራገቢያ አለው፣ የኔ አንድ፣ እሱም ተበላሽቷል።»

ልጄ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ወንድሜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ ገባ። ወረቀቱን ራሱ ቀደደው። ልጄ የካርቶኑን ጎን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ጣቷ መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ክዳኑን ከፈተች። እኔም አየሁት። ሶኬቱ እንደ ወንፊት በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ የሾለ እግር ያለውን ፕሮሰሰር የሚቀበል። የኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ከሥሩ ለጥ ያለ ነው፤ ወርቃማ ነጠብጣብ እንጂ አንድም እግር የለውም።

«አጎቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ደረሰኙ አለ?»

«የስጦታ ደረሰኝ የሚጠየቀው የት አገር ነው?»

«አይደለም፣ ሶኬቱ የሌላ ዓይነት ስለሆነ ነው። ይሄ ቀደም ብሎ የወጣው ነው። የእማዬ አይገባበትም።»

ወንድሜ ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቱ አነሳው። «ሲጫኑት ይገባል። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጠበቅ ይላል» ብሎ ሶኬቱ ላይ አስቀመጠው፤ አውራ ጣቱንም ሊጭን ዘረጋ። ልጄ እጁን አንጓው ላይ ያዘችው።

ባለ ሱቁ ስኒውን አስቀምጦ ወደ በሩ ተመለከተ። ወንድሜ እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

«እጄን ያዘችኝ» አለ። የተናገረው ለእሷ አልነበረም፤ ለእኔ ነው።

ያቀረብኩትን ቆጮ ሳይቀምስ ወጣ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተነገረኝ። ልጄ ሌላ ማዘርቦርድ በዝምታ እንግዛ አለች፤ ግን በምን? እኔ እቁቤን፣ እሷ ያጠራቀመችውን ጨርሰን ነበር። ታናሽ እህቴም «በታላቅ ወንድሜና በናንተ መሐል አልገባም» ብላ ስልኳን ዘጋች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን አንዱ ብቻ፣ የአባቴን ማሳ አከፋፍለው ለወንድሜ የሰጡትም እሳቸው ነበሩ። ወንድሜ ከጎናቸው ተቀመጠ። ተጸለየ። ከዚያ ሁለቱ ዕቃ ቀርቦ ይታይ ተባለ። ልጄ አመጣች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአጎቴ።»

«ይሄኛውስ?»

«የእናቴ።»

«እና የማይስማሙት እነዚህ ናቸው?»

«አዎ አባባ።»

«አንደኛቸው መለወጥ አለበት ማለት ነው።» ወደ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ተመለከቱ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ የታላቅ ሰው ስጦታ ይመለስ ብለን ብንወስን፣ ነገ በዚህ ቤተሰብ ማን ደፍሮ ይሰጣል? የእናትሽ ይለወጥና ከዚህ ጋር የሚስማማ ይገዛ።»

«አባባ፣ ነገሩ የታላቅና የታናሽ አይደለም» አለች ልጄ። «የእማዬ አዲሱ ነው። የአጎቴ ያረጀ ዓይነት ነው። በሱ ከሄድን ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ራሙም አይሰካም።»

«ሰማችሁ?» አለ ወንድሜ። «ያረጀ አለችኝ።»

«ዕቃውን ነው ያልኩት።»

«ዕቃውን ማን ገዛው?»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ትንሽ ዝቅ ብትይ ምንም አይጎድልብሽም። ትሠሪበታለሽ እኮ፣ አትታገይበትም።» ከዚያም ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጄን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። እምቢ ብል በዚህ ከተማ ሲዳር፣ ሲታመም፣ ሲቀበር ብቻዬን ነኝ። እሺ አልኩ። ይቅርታም ጠየቅን፣ እሷም እኔም። ያን ቃል የገባሁት ያኔ ነው።

ወንድሜ «እኔ ራሴ እለውጠዋለሁ፣ አዲስ አበባ ሰው አለኝ» ብሎ ፕሮሰሰሬን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ራሙንም ጨመረ። ለውጦ ይዞት የመጣው ፕሮሰሰር እግር ያለው ነው፤ በርግጥም ገባ። ልጄ ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ደግማ አነበበች። ለቢሮ ደብዳቤ መጻፊያ የሚበቃ ትንሹ ዓይነት እንደሆነ የነገረችኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከኔ ዕቃ የተረፈው የዋጋ ልዩነት የት እንደገባ አልተጠየቀም። ማን ይጠይቃል?

ኮምፒውተሩ ተገጣጠመ። ተከፈተ፣ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ሰማያዊና ቀይ መብራቱ ሳሎኑን ሞላው። ወንድሜ «ይኸው!» ብሎ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

ፈተናውን ስትሠራ ከጎኗ ሆኜ ልብስ እዘመዝም ነበር። ደኑ ሲከፈት መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ይዘላል፣ እንደገና ቀጥ ይላል። ቅጠል ቀነሰች። ጥላ ዛፎቹን አነሳች። እንሰቱን አሳነሰች። በመጨረሻ የቀረው ደን ሳይሆን እንደ ተመነጠረ ዳገት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ይቆራረጣል።

«ካርዱ ይችላል» አለችኝ። «ጭንቅላቱ ነው የማያደርስለት። ካርዱ ቆሞ እየጠበቀው ነው።»

የሆነውን ቀርጻ ላከች። መልሱ ትሑት ነበር፤ ሥራዋ ግሩም እንደሆነ፣ ማሽኗ ግን የሚጠበቀውን እንደማያሟላ፣ መልካሙን ሁሉ እንደሚመኙላት።

ወንድሜ ሲሰማ «ኮምፒውተሩ ምን ሆነና? ይሠራል አይደል» አለ። ቀጥሎም እንደ ወትሮው «ትምጣ» አለ።

«አትሄድም» አልኩ።

«እማዬ፣ ተይ» አለችኝ ብቻችንን ስንሆን። «በስፌትሽ እየበላሁ እስከ መቼ እቀመጣለሁ?»

«እኔ ምን አልኩሽ? ተቀመጪ አላልኩሽም?»

«አንቺማ ምን ትያለሽ። ዓይንሽ ግን አሁን የመርፌ ቀዳዳ አያይም። ክሩን ማነው የሚያስገባልሽ? እኔ ነኝ።»

ሰኞ ጠዋት ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ሹፌሩ መጥቶ ኮምፒውተሩንም ጫነ። ወንድሜ ማድረቂያው ላይ ካሜራ አስተክሎ ነበርና ስክሪን የሚያሳይ ጠንካራ ማሽን አስፈለገው። ከኛ ቤት ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ብሎ።

በቡናው ወቅት ልጠይቃት ፍስሐ ገነት ሄድኩ። ቢሮው አንዲት ክፍል ናት፤ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ መብራቱን እያበራ ቆሟል። ስክሪኑ በአራት ተከፍሏል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ቡና የሚሰጣበት አልጋ ይታያል፣ ቡናውን በእጃቸው የሚያገላብጡ ሴቶችም አሉ። ልጄ ማንም ቡና በጉያው ይዞ እንዳይወጣ ታያለች። ይህም ሥራዋ ነው፣ ከሂሳቡ ጋር።

ወንድሜ ገብቶ ከኋላዬ ቆመ። «ጥራቱን አየሽ?» አለኝ። «እያንዳንዷ ፍሬ ትታያለች። ያን ጊዜ ስትቆጡኝ ነበር።»

እሱ ሲወጣ ልጄን ጠየቅኳት።

«ያንን ዳገት፣ የዱመርሶውን፣ አሁንም ትሠሪበታለሽ?»

«አጠፋሁት» አለችኝ። «የካሜራው ቅጂ ቦታ ይፈልጋል፤ የኔ ሥራ ብዙ ቦታ ይዞ ነበር።»

«ሁሉንም? አንድ እንኳ አላስቀረሽም?»

«ምን ያደርግልኛል?»

ከታች ባለው ካሬ ውስጥ ዝናብ መጣል ጀመረ፤ ሴቶቹ ላስቲኩን ለመዘርጋት ይሯሯጣሉ። ልጄ ስልኩን አንስታ «የላይኛውን አልጋ ቶሎ ሸፍኑት፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነበር፣ አጎቷ ሠራተኛ ሲያዝ እንደሚናገረው። ነጠላዬን አንስቼ ዝናቡ ሳይበረታ ወደ መናኸሪያው ወጣሁ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗ ቡናው ላይ ነበር።