የወንድሜ እርሻ በጌም ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የጋሽ ጀማል ጌም ቤት በር ላይ ቆምኩ... ወንድሜ ሙላት ካረፈ ወዲህ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም። አርባው ካለፈ ሳምንት ሆኖታል።

የቆምኩበት ምክንያት አለኝ።

እኛ ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ጌም የሚከፈለው በየጨዋታው ነው። ሙላት ግን ስልክ ጥገና ይሠራ ስለነበር እንዲህ ያለውን ነገር ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል። ለዓመት አንዴ ከፍለህ የፈለግከውን ጌም የምትጫወትበት አገልግሎት አለ። ዋጋው አይቀመስም፤ ግን በዓመት አንድ ሰሞን ቅናሽ ይወጣና ግማሽ ይሆናል። አምና ያንን ጠብቆ አምስት ጓደኞቹን ሰበሰበና ለስድስት ተካፍለው ገዙት። ብሩን ልከውለት አዲስ አበባ ያለው የአክስታችን ልጅ ከፈለላቸው። ከዚያ በኋላ ለጋሽ ጀማል የሚሰጡት የወንበርና የመብራት ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት ተራ አላቸው። አካውንቱ የተከፈተው በሙላት ስም ነው።

አምስቱ ኳስ ነው የሚጫወቱት። ሙላት ግን የእርሻ ጌም ነበር የሚወደው። በትራክተር ያርሳል፣ ገብስ ይዘራል፣ ሲደርስ በኮምባይነር ያጭዳል። ደሳለኝ የሚባለው ጓደኛው በዚህ ይስቅበት ነበር።

«የገበሬ ልጅ ከማሳ አምልጦ መጥቶ... ከፍሎ ያርሳል» ይለዋል።

አባታችን ደግሞ «የማይበላ ገብስ» የሚል ስም አወጣለት። ሙላት አይናደድም። «አንድ ቀን አባዬን እዚያ ወንበር ላይ ባላስቀምጠው!» ይለኛል።

ኅዳር ሲገባ ታመመ። ሳምንትም አልቆየ።

ያን ጊዜ የቤታችን ገብስ ደርሶ ቆሞ ነበር። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ ማጭድ ይዞ መጣ። እኛ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን በደቦ አጭደው፣ ከምረው ሄዱ። አባቴ አንድ ነዶ አላነሳም።

የሙላት የጌም ገብስም ደርሶ ነበር። ተኝቶ ሳለ ነግሮኛል።

እንግዲህ የዓመቱ ክፍያ የሚያልቀው ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ካልታደሰ ጌሙ ይቆለፋል። የሞተ ሰው አካውንት ማን ያድሳል... በሌላ ስም አዲስ ይከፍታሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። ከመቆለፉ በፊት ያንን ማሳ አንዴ ማየት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ገባሁ። ጋሽ ጀማል ገና ሲያዩኝ «ቆየህ እኮ» አሉኝ። «አላህ ያጥናችሁ። አባትህ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው። ጋሽ ጀማል... ከመቆለፉ በፊት የሙላትን እርሻ ልየው?»

«ማነው የሚቆልፈው?» አሉ።

ወንበሩ ላይ የነበረው ደሳለኝ ነው። ተነስቶ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አጥሩን አትይ» አለኝ።

ስክሪኑን አየሁ። ደርሶ የቆመ ገብስ ነበር የጠበቅኩት። የቆመ ነገር የለም። ከዳር እስከ ዳር ቃርሚያ ብቻ ነው። ጭዱ ተጠቅልሎ በረድፍ ተቀምጧል። ጎተራው ሞልቷል። ኮምባይነሩ ታጥቦ ጥላው ስር ቆሟል።

«ማነው ያጨደው?»

«እኛ ነና» አለ ደሳለኝ።

«መቼ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ። በየተራችን።»

ጋሽ ጀማል ሳቁ። «ወንድምህ ካረፈ ወዲህ እዚህ ማሽን ላይ ኳስ አልተከፈተም። ግማሾቹ መንዳት አይችሉ! ይሄ ጓደኛው አጥሩን በኮምባይነር ገነደሰው።»

«አንዴ ነው» አለ ደሳለኝ።

«ሦስቴ ነው።»

«ሦስተኛው ዛፍ ነው እንጂ አጥር አይደለም።»

ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኩት። ደሳለኝ እንደ ሞኝ አየኝ።

«ያባትህን ገብስ ማን አጨደው?»

«ጎረቤት።»

«ታዲያ ይሄኛውስ ቆሞ ይቅር?»

ደቦ ሳይ ነው ያደግኩት። ግን አምስት ጎረምሳ ኳሱን ትቶ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ለሞተ ጓደኛቸው የማይበላ ገብስ ሲያጭድ... እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ክፍያው ትናንት ታድሷል» አሉ ጋሽ ጀማል። «ቅናሹ ሳያልፍ፣ በዚያው በሙላት ስም። ስድስተኛው አንተ ነህ። ተራህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ እንዳታረፍድ።»

«የኔን ድርሻ ማን ከፈለ?»

ደሳለኝ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጋሽ ጀማል መጥረጊያ አንስተው የተጠረገውን ወለል እንደገና መጥረግ ያዙ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። ሁሉንም ነገርኩት። እጁ ቆመ። እንደ ድሮው «የማይበላ ገብስ» ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ስንት ኩንታል ወጣው?» አለኝ።

«አልቆጠርኩትም። ጎተራው ሙሉ ነው።»

መጥረቢያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ለዘር አስቀርተዋል?»

እሱን አላየሁም ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ ራሱ መጥቶ ሊያይ ነው።