ባላጠፋችው ጥፋት ይቅር የተባለችው በረኛ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት በሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም አንዴ ከተከፈተ ሳይቆርጥ አይከደንም ነበር። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ «ወፈርኩ እንዴ?» ብትላት፣ «ቀሚሱ ነው የጠበበው እንዳልልሽ፣ የከረመው እኔ ጋ ነው» ያለች ሴት ናት። ሰው ቢፈራትም ይወዳታል። ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ከኋላ አይወጋማ።

ልጅ አልወለደችም። ታናሽ እህቷ ስትሞት ትታው የሄደችውን ሕፃን ግን ወስዳ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ እያስተኛች፣ መርፌና ቁልፍ ከአፉ እየነጠቀች አሳደገችው። ልጁ አደገ፣ ነገረ መለኮት ተማረ፤ ሁለቱም ሲያመልኩበት በኖሩት የሉተራን ማኅበረ ምእመናን ቄስ ሆኖ ተሾመ። የመጀመሪያ ካባውን የሰፋችለት እሷ ናት። በሰው ፊት «እህታችን» ይላታል፤ ቤት ሲገባ ግን «እማ»።

ወረርሽኙ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ አምልኮው ወደ ስልክ ገባ። መቀስ ስልኳን ከክር ሳጥኗ ጋር አስደግፋ ስብከቱን ትከታተላለች። «አሜን» ልትል አፏን ስትከፍት ኔትወርኩ ይቆረጥና ቄሱ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ይቀራል። «እንግዲህ አሜኑን ለማን ልበለው?» ትላለች ለራሷ። ነገሩ ቢያስቅም፣ ብቻዋን ማምለክ ግን አንጀቷን በልቷት ነበር።

ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በጥንቃቄ ከሆነ በአካል መሰብሰብ ይቻላል ተባለ። ቄሱ በዚያው ሳምንት ወደ ስፌት ቤቷ መጣና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማ፣ በሩን አንቺ ያዢልኝ። ሌላ ሰው ባቆም ይሉኝታ ይይዘዋል።»

«እኔ ከያዝኩ ያዝኩ ነው። የሚያስል፣ ትኩሳት ያለው፣ ማንም ይሁን ማን አይገባም። ኋላ አማላጅ እንዳትልክብኝ።»

«እኔንም ቢሆን መልሺኝ።»

«አንተንማ ጆሮህን ይዤ ነው የምመልስህ።»

ተሳሳቁ። እሷም ሥራዋን ትታ ቤተ ክርስቲያኑን ታዘጋጅ ጀመር። መስኮቶቹ በተደራረበ ቀለም ተጣብቀው አልከፈት ሲሉ ጠርዝ ጠርዛቸውን በስለት እየፋቀች አላቀቀቻቸው። ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ አንዱን አግዳሚ ወንበር እየዘለለች ሌላውን በቀይ ጥብጣብ አሰረችው። የመዝሙር መጻሕፍቱን ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ መዘመር ትንፋሽ ያሰራጫል ስለተባለ ኦርጋኑ ብቻ እንዲናገር ተወስኗልና። ጭምብል ለሌለው የሚሰጥ ጭምብልም ሰፋች፤ አፍንጫ ላይ እንዲገጥም ቀጭን ሽቦ እያስገባችበት።

የመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌው ኦርጋን መቺ ጣቶቹን ሲያሳርፍ፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን ዘግቶ አለቀሰ። መቀስም ሙቀት መለኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያሉት እሑዶችም በሰላም አለፉ።

አንድ እሑድ ጠዋት ኮንትራክተሩ መጣ። የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በራሱ ወጪ ያሠራ፣ ሲናገር ሁሉም ዝም የሚልለት ሰው። መለኪያውን ግንባሩ ላይ ስታነጣጥር ቀይ በራ። በዚያ ላይ ክርኑን አፉ ላይ አድርጎ ሳለ።

«ፀሐይ መትቶኝ ነው እትዬ።»

«ጋሼ፣ በዚህ ጠዋት የምን ፀሐይ ነው? ይልቅ ቤትዎ ገብተው ይተኙ። እግዜር ይማርዎት።»

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው» ስትል በልቧ አመሰገነችው።

ጸሎቱ ተጋምሶ ሳለ መስኮቶቹ ተከፍተው እንደሆነ ልታይ በሩን ገርበብ አደረገች። ኦርጋኑ አጠገብ፣ በሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ የኮንትራክተሩን ሰፊ ጀርባ አየች። ጭምብሉ ከአፍንጫው በታች ወርዷል። በእሷ በኩል አላለፈም፤ ሌላው መግቢያ ደግሞ ቄሱ ካባውን የሚለብስበት ክፍል በር ብቻ ነው፤ ቁልፉም ከቄሱ ኪስ አይወጣም። መጮኽ ፈለገች። ግን ያሳደገችው ልጅ መሠዊያው ፊት ቆሞ ይጸልያል። በጉባኤ መሃል ልታዋርደው አልሆነላትም፤ ያ ስለታም ምላሷ ያን ቀን ዶለዶመ።

ሰው ሲበተን ክፍሉ ድረስ ገባችበት።

«ማን አስገባው?»

«እማ፣ ቀስ በይ። ደውሎ ለመነኝ። እምቢ ብለው ይቀየመኛል።»

«እኔ እምቢ ስለው እኮ አልተቀየመም።»

ቄሱ አንገቱን ደፍቶ ካባውን አጠፈ። ለካስ ሰውዬው ፈገግ ያለው ሌላ በር እንዳለው ስላወቀ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ኦርጋን መቺው ታሞ ሆስፒታል ገባና ኦክስጅን ተደረገለት። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት እናቶችም ተከተሉ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተዘጋ፤ ሰዉም በሽተኛ ማን እንዳስገባ ይጠያየቅ ጀመር።

በሚቀጥለው እሑድ መቀስ እንደ ድሮዋ ስልኳን ከፍታ ተቀመጠች። ቄሱ ከስብከቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ በራችን ላይ መዘናጋት ተፈጥሯል። በሩን የያዘችው እህታችን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሰው ናትና ተሳስታለች። አንፍረድባት። እኔ ይቅር ብያታለሁ፤ እናንተም ይቅር በሏት።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያን ዕለት ኔትወርኩ አልተቆረጠም፤ እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ነው የገባችው። ወዲያው ስልኩ መጮኽ ጀመረ። «አይዞሽ፣ የማይሳሳት ማን አለ?» ይላል አንዱ። «እኛ አልተቀየምንሽም» ይላል ሌላው። ቢሰድቧት መልስ አታጣም ነበር። ይቅርታቸው ግን እንደ መርፌ ጥፍሯ ሥር ገባ።

በማግስቱ ቢሮው ሄደች። አልተቀመጠችም።

«ምን በድዬህ ነው?»

«ምንም።» ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «እማ፣ እሱን ባጋልጠው ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል፤ ግማሹ ሰው ይከተለዋል። ቤተ ክርስቲያኗ ትፈርሳለች። አንቺ ግን የትም አትሄጂም።»

«እና የማይሄደውን ሰው ነው የሚረግጡት?»

«ለጊዜው ቻዪልኝ ነው የምልሽ።»

«እኔ ስችል አይደል አንተን ያሳደግኩህ» አለችና ወጣች። እንባዋ የመጣው መንገድ ላይ ነው።

ራሷ ብትናገር ማመካኘት ነው ይሏታል፤ አንድ ተስፋ ግን ቀርቷት ነበር፤ ያን ቀን ኮንትራክተሩ አጠገቡ የተቀመጠው ኦርጋን መቺ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሾርባ ይዛ ቤቱ ሄደች። ሽማግሌው ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ኦርጋኑ ላይ መስተዋት አለ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለምጫወት ቄሱን የማየው በሱ ነው። ሰውዬው በጓዳ በር ሲገባ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ይናገሩልኛ ጋሼ!»

«ሲሻለኝ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተሻለው። አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያኑ ዳግም ሲከፈት ኦርጋኑን እንደ በፊቱ አሳምሮ መታ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ መቀስ ግንባሯን አስለክታ ገባችና ጥብጣብ ያልታሰረበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የጌታ እራት ሲደርስ ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ኅብስቱን በመዳፉ ተቀበለ። ተራዋ ሲደርስ አልተነሳችም። ቄሱ ጠበቀ፤ ጠበቀና ሳህኑን ይዞ ወደ እሷ ወረደ።

«እማ» አለ በጭምብሉ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት።

«መጀመሪያ እውነቱን ንገራቸው፤ ያኔ እመጣለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

ወደ መሠዊያው ተመለሰ። በቀጣዩም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቁርባን እንዲሁ ሆነ። «ኩራት ነው» ይሏት ጀመር፤ «ይቅር ብለናት እሷ ታኮርፋለች»። እሷ ግን ከእሑድ አልቀረችም።

ዓመት አለፈ። ኮንትራክተሩ በግድግዳ ቀለም ምርጫ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተጣላና ቤተሰቡን ይዞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ግማሹ ሰው ይከተለዋል ቢባልም፣ የተከተለው ሾፌሩ ብቻ ነው። ቄሱ እውነቱን የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚፈራው ሰው ሲሄድለት። በሩን ማን እንደከፈተ፣ ጥፋቱን በማን ላይ እንደጣለ ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ አለቀሰም። ኦርጋን መቺው አንገቱን ደፋ። መቀስ ተነሳች፣ ወደ ፊት ሄደች፣ መዳፏን ዘረጋች። ቃሏ ነውና።

በዚያው ሳምንት ቤቷ መጣ። ምሳ አቀረበችለት።

«በሩን መልሰሽ ያዢልኝ» አላት እየበላ፣ ፈራ ተባ እያለ። «አሁን እንኳ ማንም…»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«አልማርሽኝም ማለት ነው?»

«ምሬሃለሁ። ሌላ ሰው ፈልግ።»

የቀረበለትን ጨረሰ፣ አመሰገነ፤ እሷም ሳህኑን አነሳች።